ሲስተሙ የሰኞ ገበያን ሰው ይወቅ

ዛሬ በከተማችን ባለጉዳይን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደነግጠው ቃል «ሲስተም» የሚለው ነው። ዱሮ ጉዳይ ይዞ የሄደ ሰው «ጌታው የሉም፤ ነገ ተመለስ» ይባል ነበር። ዛሬ ደግሞ «ሲስተም የለም» ይባላል። ጌታው ቢዘገዩ ደጅ ላይ ቁጭ ብሎ መጠበቅ፥ ሲወጡም እጅ ነሥቶ ማመልከት ይቻል ነበር፤ ሲስተምን ግን ማን ደጅ ይጠናዋል? ስለዚህ የሲስተም ነገር ለኮምፒዩተር ተማሪዎች ብቻ የሚተው አይደለም ብዬ ስለማምን፥ ምንም እንኳ ትምህርቴ ቋንቋ ቢሆን፥ በዚህች መጽሔታችን ጥቂት አሳብ ላቀርብ ደፈርሁ።

«ቋንቋ የሚማር ሰው በፕሮግራም ሥራ ምን አገባው?» የሚል ጓደኛ አይጠፋም። መልሴ አጭር ነው። ኮምቦልቻ በሚገኘው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚማሩ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን የድር መተግበሪያ ሲሠሩ ከሁሉ አስቀድመው የሚጨነቁት ስለ ዳታቤዙና ስለ ሰርቨሩ ነው፤ ተገቢም ነው። ዳሩ ግን መተግበሪያው ከሰው ጋር የሚገናኘው በፊደል፥ በስም፥ በቀንና በሰዓት ነው። እነዚህ አራቱ ደግሞ የእኛ ፋኩልቲ ርስት ናቸው።

ነገሩን በምሳሌ ላስረዳ። አክስቴ በደሴ ሰኞ ገበያ በርበሬና ቅመም ትሸጣለች። ባለፈው ዓመት ብድር ለማግኘት ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄደች፤ ከዚያ በፊት ተመዝግባ ነበርና ስሟ ተፈለገ። ጸሐፊው ስሟን በሃሌታው «ሀ» ጻፈና «የለሽም» አላት። አክስቴ ፊት ለፊቱ ቆማ፥ «ልጄ፥ እያየኸኝ የለሽም ትለኛለህ?» አለችው። እሱም «እኔ ሳልሆን ሲስተሙ ነው» አለ። ሦስት ሰኞ ገበያዋን ትታ ተመላለሰች። በመጨረሻ ሌላ ጸሐፊ በሐመሩ «ሐ» ጽፎ ሲፈልግ ስሟ ወዲያው ተገኘ። ብድሩ ሲደርስ ግን በርበሬው ተወዶ ነበር። በአንዲት ፊደል ምክንያት የአንድ ወቅት ትርፍ ቀረ ማለት ነው።

እንግዲህ መጀመሪያ ስለ ፊደል እናገራለሁ። የአማርኛ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በ3.0 እትሙ ነው። ከዚያ በፊት በያይነቱ የነበሩት የአማርኛ ሶፍትዌሮች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አቀማመጥ ስለ ነበራቸው፥ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት እንቆቅልሽ ይሆን ነበር። ዛሬ ይህ ችግር የለም፤ ነገር ግን ገጹም፥ ፕሮግራሙም፥ ዳታቤዙም ሁሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ በዩቲኤፍ-8 መሆን አለባቸው። አንዱ ብቻ በላቲን ተዘጋጅቶ ከቀረ ስማችን የጥያቄ ምልክት ተራ ይሆናል፤ አንድ ጊዜ የጥያቄ ምልክት ሆኖ የተቀመጠ ስም ደግሞ ተመልሶ ፊደል አይሆንም። ደግሞም አንድ የእኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይወስዳል። ስለዚህ ለስም 20 ባይት ብቻ የፈቀደ ሰው ስድስት ፊደል አስገብቶ ሰባተኛውን በር ላይ ያስቀራል፤ ገብረክርስቶስ የተባለውም «ገብረክርስ» ሆኖ ይቀራል። በሌላ በኩል «ስም ከሦስት ፊደል ማነስ የለበትም» የሚል ፕሮግራም አለ። ይህ ፕሮግራም በወሎ አገር ተቀምጦ አሊ የሚባል ሰው አላጋጠመውም ይሆን?

የሞክሼ ፊደላትን ነገር እንይ። ሀ፥ ሐ፥ ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ በአማርኛ አንድ ድምፅ ናቸው። በሀና በአ ወገን ደግሞ ግዕዙና ራብዑ በድምፅ አይለዩም። ስለዚህ «ፀሐይ» የሚለው ስም ድምፁን ሳይለቅ በዐሥራ ሁለት መንገድ ሊጻፍ ይችላል። ሞክሼዎቹ ይቀነሱ አይቀነሱ የሚለው ክርክር ከብዙ ዘመን ጀምሮ የኖረ ነው፤ ፕሮግራም ሠሪ ግን ይህን ክርክር እንዲፈርድ ማንም አልሾመውም። እሱ የሚያደርገው ይህን ነው፤ ስሙን ባለቤቱ እንደ ጻፈው ሳይነካ ያስቀምጣል፤ በጎኑ ደግሞ ሞክሼዎቹ ወደ አንድ የተመለሱበት ሌላ ግልባጭ ለፍለጋ ብቻ ይይዛል። ሰው ሲፈልግ የተጻፈውን ቃል በዚያው ሕግ መልሶ ከግልባጩ ጋር ያስተያያል፤ ሲያሳይ ግን ዋናውን ያሳያል። በዚህም ዘዴ ፀሐይ ፀሐይነቷን ሳታጣ ትገኛለች።

ይህ ብቻውን አይበቃም። ሙሐመድ የሚለውን ስም አንዱ ሙሐመድ፥ ሌላው መሐመድ፥ ሦስተኛው ሞሐመድ ብሎ ይጽፈዋል፤ እዚህ የሚለዋወጠው ሞክሼው ሳይሆን ድምፁ ራሱ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ «የለም» ብሎ በሩን መዝጋት ሳይሆን የሚቀራረቡትን ስሞች ከነአባታቸው ደርድሮ ማሳየት ነው። ከዚያ ጸሐፊው «የአባትሽ ስም ማነው?» ብሎ ይጠይቅ። ማሽን የተጠራጠረበትን ሰው ሊፈርድበት ይችላል፤ ማሽን የፈረደበትን ግን ሰው ደፍሮ አይጠራጠርም። ስለዚህ «የለም» የሚለውን ቃል በስክሪን ላይ ከመጻፍ በፊት ሦስት ጊዜ ማሰብ ይገባል።

ሁለተኛው የስም አሰያየም ነው። ከውጭ አገር የተቀዳ ቅጽ «የቤተ ሰብ ስም» ይጠይቃል። በእኛ አገር ግን ሰው የራሱን፥ የአባቱንና የአያቱን ስም ይጠራል እንጂ የቤተ ሰብ ስም የለውም፤ ሴትም ስታገባ የአባቷን ስም አትጥልም። በዚህ ምክንያት ፕሮግራሙ ሰላምታ ሲልክ የመጨረሻውን ስም ይዞ «ክቡር» ይላል፤ ይኸውም ከብዙ ዘመን በፊት ያረፉትን አያት መጥራት ነው። «ስም፥ የአባት ስም፥ የአያት ስም» ብሎ ሦስት ሣጥን ማዘጋጀትና በመጀመሪያው ስም ሰላምታ መስጠት ምንም ወጪ የለውም፤ ሙታንንም አያስቸግርም።

ሦስተኛው ቀን ነው። ከዘመናችን ላይ ስምንት ዓመት ጨምሮ የፈረንጅ ቀን አገኘሁ የሚል ፕሮግራም ከመስከረም 1 ቀን ጀምሮ የፈረንጁ ዲሴምበር እስኪያልቅ ድረስ ይሳሳታል፤ በእነዚያ ወራት ልዩነቱ ሰባት ነውና። ዐሥራ ሁለት ወር ብቻ የሚያሳይ ቅጽ ደግሞ በጳጉሜን የተወለደውን ልጅ ልደት ይነሣዋል። በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ፥ ለምሳሌ በ2015 ዓ.ም.፥ ጳጉሜን ስድስት ቀን መሆኗን የረሳ ፕሮግራም የዚያን ዕለት የመጣውን ባለጉዳይ «ቀኑ ልክ አይደለም» ብሎ ይመልሰዋል። ደኅናው መንገድ ቀኑን በውስጥ በአንድ ዓይነት አቆጣጠር ማስቀመጥ፥ ለሰው ሲያሳዩ ግን በሰውየው አቆጣጠር ማሳየት ነው። ጃቫስክሪፕት የቀንን አጻጻፍ የሚያሰናዳበት ኢንትል የተባለው ክፍል የኢትዮጵያን አቆጣጠር ያውቃል፤ ስለዚህ ለማሳየት ሲሆን ስሌቱን እንደ አዲስ መፈልሰፍ አያስፈልግም። የብራውዘሩ የተዘጋጀ የቀን ሣጥን ግን የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ነውና፥ ለቀን፥ ለወርና ለዓመት የየራሱን ሣጥን መሥራት ይሻላል። ቀንና ወሩን የማያውቁ አረጋውያን ብዙ ናቸውና ዓመቱን ብቻ መቀበልም ያስፈልጋል። ያልተነገረ ቀንን «ጃንዋሪ 1» ብሎ መሙላት በመዝገብ ላይ ሐሰት መጻፍ ነው።

አራተኛው ሰዓት ነው። መልእክቱ «8፡00 ይምጡ» ካለ የገበያ ሰው ምሳውን በልቶ በስምንት ሰዓት ይመጣል፤ መሥሪያ ቤቱ ግን የጠበቀው ከጧቱ በሁለት ሰዓት ነበር። ጥፋቱ የማን ነው? ቀኑን ከንጋት ጀምሮ መቁጠር የአገሩ ሕግ ነው። «ከጧቱ 2 ሰዓት» ብሎ በቃል መጻፍ ነገሩን ይጨርሰዋል። አገራችን ሰዓቷን በክረምትና በበጋ ስለማትለዋውጥ ከዓለም አቀፉ ሰዓት ዘወትር በሦስት ሰዓት ትቀድማለች፤ ፕሮግራም ለሚሠራ ሰው ከዚህ የበለጠ ዕረፍት የለም።

አምስተኛው ስልክ ነው። የስልክ ቁጥርን እንደ ሒሳብ ቁጥር ያስቀመጠ ሰው የፊተኛዋን ዜሮ ያጣታል፤ እንደ ጽሑፍ ይቀመጥ። በ09 የሚጀምረውን ብቻ የሚቀበል ቅጽ በ2015 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የሳፋሪኮም ኢትዮጵያን የ07 ቁጥር ይመልሳል። ዜሮ ያለው፥ ዜሮ የሌለውና 251 የቀደመው ሁሉ አንድ ቁጥር ስለ ሆነ፥ ለፍለጋ ወደ አንድ መልክ ይመለስ። ነገር ግን ስልክ የሰው መታወቂያ አይደለም፤ በአንድ ስልክ እናትም ልጅም ጎረቤትም ይጠቀሙበታል። መልእክት ስትልኩም አስቡ፤ በላቲን ፊደል አንድ አጭር መልእክት 160 ፊደል ሲይዝ በአማርኛ 70 ብቻ ይይዛል። ረዥም ሰላምታ የሚጽፍ ፕሮግራም የሁለትና የሦስት መልእክት ዋጋ ይከፍላል። በአገራችን ሰላምታ ማሳጠር ነውር ቢሆንም፥ እዚህ ላይ ይፈቀድ።

ስድስተኛውና የመጨረሻው የኔትወርክ ነገር ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ከታወጀ በኋላም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ኖረ። ስለዚህ «መስመሩ ሁልጊዜ አለ» ብሎ የተሠራ ፕሮግራም ለሌላ አገር የተሠራ ነው። ገጹ ቀላል ይሁን፤ ከባድ ሥዕል አይጫንበት። የተጻፈው መዝገብ አስቀድሞ በስልኩ ውስጥ ይቀመጥ፤ መስመር ሲመጣ ይላክ። እያንዳንዱ መዝገብ ገና ሲጻፍ እዚያው ስልኩ ላይ የራሱ መለያ ቁጥር ይሰጠው፤ ሰርቨሩም ያንን ቁጥር አንድ ጊዜ ከተቀበለ ሁለተኛውን እንዳልመጣ ይቁጠረው። አለዚያ መስመሩ ተቆርጦ መልስ የዘገየባት ነጋዴ አዝራሩን ሦስት ጊዜ ብትጫን፥ የአንድ ቀን ዕዳዋ ሦስት ዕዳ ይሆናል። «ተልኳል» እና «ገና አልተላከም» የሚሉት ሁለቱ ቃላት ደግሞ በግልጽ አማርኛ ይታዩ፤ ሰው የሚፈራው መዘግየትን ሳይሆን አለማወቅን ነው።

እነዚህ ሁሉ ጥቃቅን ናቸው፤ አንዳቸውም ታላቅ የሳይንስ ግኝት አይጠይቁም። ትንሽ ስለ ሆኑም ይናቃሉ፤ ተንቀው ሲቀሩ ግን የሚጎዳው ፕሮግራሙን የጻፈው ሳይሆን ከቆጣሪው ወዲያ ማዶ የቆመው ሰው ነው። የተማረ ሰው ስሙ ቢጠፋ ይከራከራል፥ ደብዳቤ ይጽፋል። ያልተማረው ግን «የለህም» ሲባል ነጠላውን አስተካክሎ ይሄዳል። የወረቀቱ መዝገብ ቢያንስ ገልበጥ ገልበጥ ተደርጎ በዓይን ይፈለግ ነበር። እኛ በዘመናዊ መሣሪያ የምንተካው ከሆነ ከወረቀቱ ያነሰ ትሕትና ያለው ነገር ልንሠራ አይገባም።

ስለዚህ ለሁለቱም ወገን አንድ አሳብ አቀርባለሁ። የቴክኖሎጂ ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራችሁን ከመምህሩ ፊት ከማቅረባችሁ በፊት በአንድ ሰኞ ወደ ገበያው ይዛችሁት ውጡ። አንዲት እናት ስማቸውን ይጻፉበት፤ ካልቻሉም እሳቸው ይናገሩ፥ እናንተ ጻፉ። የት ላይ እንደሚቆሙና ምን እንደሚጠይቁ በዝምታ ተመልከቱ፤ ለማስረዳት አትቸኩሉ፤ ማስረዳት ያስፈለገበት ቦታ ሁሉ መጠገን ያለበት ቦታ ነው። እኛ የቋንቋ ተማሪዎች ደግሞ የሞክሼ ፊደላቱን ሰንጠረዥ፥ የአገሩን ስሞች ልዩ ልዩ አጻጻፍና በስክሪን ላይ የሚወጡትን ቃላት አዘጋጅተን እንስጣቸው። ከደሴ ኮምቦልቻ ቁልቁለት ነው፤ ለመውረድ አይከብድም። የማኅበራችን ጽሕፈት ቤትም ሁለቱን ወገኖች ለማገናኘት አንድ ከሰዓት በኋላና አንድ ክፍል ቢፈቅድልን፥ ሥራውን በዚህ ሴሚስተር መጀመር ይቻላል።