ያለ ተጫዋች የሚጫወት ፒያኖ

ሎስ አንጀለስ የምትኖረውን ልጄን ልጠይቅ ሄጄ በሰነበትኩበት ጊዜ፣ እንደ ማንኛዋም እናት ልቤ ከጓዳዋና ከልጆቿ መራቅ አልፈለገም ነበር። ፌርፋክስ በተባለው መንገድ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ በተሰየመው ሠፈር እንጀራውም ቡናውም ስለሚገኝ፣ ከዚያ ወዲያ የማየው ነገር ያለ አልመሰለኝም። ልጄ ግን ቀጠሮ አስይዛ ኖሮ፣ አንድ ቀን ጧት «እማዬ፣ ነጠላሽን ልበሺ» ብላ በከተማው ሰሜናዊ ጫፍ ወዳለችው ሲልማር ይዛኝ ሄደች።

ቦታው የኔዘርከት ስብስብ ይባላል። የቆዩ መኪናዎችና በራሳቸው የሚጫወቱ የሙዚቃ መሣሪያዎች የሚታዩበት ቤተ መዘክር ሲሆን፣ ለሕዝብ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። መግቢያው በነፃ ነው። የገረመኝ ገንዘቡ ከየት እንደ መጣ ስሰማ ነበር፤ ከሴቶች የፊት ቅባትና ፓውደር! ሜርል ኖርማን የተባለች ሴት ሳንታ ሞኒካ ውስጥ በገዛ ማድ ቤቷ ቅባት ትቀምም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1931 የራሷን ሱቅ ከፈተች። የሥራ ጓደኛዋ የሆነው ጄ. ቢ. ኔዘርከት አክስቱ ነበረች። እሱና ባለቤቱ ዶሮቲ ከዚህ ሥራ ባገኙት ሀብት ይህን ሁሉ ሰበሰቡ። እኛ ለፊታችን የምናወጣት ሳንቲም የት የት እንደምትደርስ እንግዲህ ተመልከቱ።

መኪናዎቹ ከ250 በላይ ናቸው። ሁሉንም ልዘርዝር ብል እናንተም ትሰለቻላችሁ፣ እኔም ስማቸውን አልያዝኩትም። አንዷ እ.ኤ.አ. በ1933 ቺካጎ ላይ ለተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን የተሠራች ዱዘንበርግ ስትሆን፣ ዋጋዋ 20,000 ዶላር ስለነበር መጠሪያዋም ያው ዋጋዋ ሆኖ ቀርቷል። ያን ጊዜ ተራ ፎርድ በ500 ዶላር ገደማ ይገዛ ነበር። ይልቅ ያሳቀችኝ እ.ኤ.አ. የ1930 ሥሪት የሆነች ዱፖንት ናት። ኔዘርከት እ.ኤ.አ. በ1956 በ500 ዶላር ገዝቶ በጥቂት ሳምንት አድሳታለሁ ብሎ ቢጀምር፣ 18 ወርና ከ65,000 ዶላር በላይ ፈጀችበት። ቤት ማሳደስ የጀመረች ሁሉ ታውቀዋለች። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1958 ፔብል ቢች በሚደረገው የመኪናዎች ውድድር አንደኛ ወጣችለት።

ከዚያ ወደ ሙዚቃ መሣሪያዎቹ ወጣን። ቁም ሣጥን የሚያህሉ፣ በውስጣቸው ከበሮና ዋሽንት የታጨቀባቸው ኦርኬስትሪዮኖች አሉ። አስጎብኚያችን ሸምገል ያለ ሰው ነው፤ ልጄ እያስተረጎመችኝ አሠራራቸውን አስረዳን። ቀዳዳ ያለበት የወረቀት ጥቅል እየተተረተረ ያልፋል። ቀዳዳው ትክክል ሲደርስ አየር ይገባና አንዲት ትንሽ ወናፍ ትንቀሳቀሳለች፤ ወናፏም መዶሻውን ታስመታለች። ወናፍ እንኳን እኛም እናውቃለን፤ አንጥረኛው ከሰሉን የሚያቀጣጥልበት ያው ነው።

በመጨረሻ አንድ ትልቅ ፒያኖ ፊት አቆመንና አስነሳው። ወንበሩ ባዶ ነው። ቁልፎቹ ግን ዝቅ ከፍ ይላሉ፣ አንዳንዴ በኃይል፣ አንዳንዴ ልጅ የተኛበት ክፍል ውስጥ እንደሚራመድ ሰው በቀስታ። እንዲህ ያለው ፒያኖ ዜማውን ብቻ ሳይሆን የተጫዋቹን የእጅ ክብደትና ልስላሴ ጭምር ከጥቅሉ ላይ እያነበበ ይመልሳል። እ.ኤ.አ. በ1943 እዚያው አቅራቢያ ቤቨርሊ ሂልስ ያረፈው ሩሲያዊው ሰርጌይ ራክማኒኖፍም በዚህ ዓይነት ጥቅል ላይ አጨዋወቱን ትቶ ሄዷል። ነገሩ ለእኛም ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ለንግሥት ቪክቶሪያ በፎኖግራፍ የላኩት የድምፅ መልእክት እስካሁን አለ።

እኔ ግን ባዶውን ወንበር እያየሁ ያሰብኩት አዲስ አበባ ቁም ሣጥኔ ውስጥ በመሐረብ የተጠቀለለ አንድ ካሴት ነበር። በ1976 ዓ.ም. ባለቤቴ ለትምህርት ውጭ አገር ሳለ ለእኔና ያን ጊዜ አራት ዓመቷ ለነበረችው ልጃችን የላከልን ነው። ተመልሶ ብዙም ሳይቆይ አረፈ። ሌላውን ካሴቱን አሮጌው ቴፓችን ክሩን በልቶ ከጥቅም ውጭ ስላደረገው፣ ይኸኛውን ለመክፈት ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፈራሁ። ለልጄም አልነገርኳት።

«ዕቃ ሳይሠራ ከተቀመጠ አይበላሽም ወይ?» ብዬ አስጠየቅሁት።

«የሚበላሽስ ሳይሠራ ሲቀመጥ ነው» አለ ሰውየው። «ቆዳው ይደርቃል፣ ጎማው ይሰነጠቃል።»

ሲልማርን ለቀን አውራ ጎዳናው ላይ እንደወጣን ነገርኳት። መሪውን እንደያዘች ብዙ ጊዜ ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ፤ ትቆጣኛለች ብዬ ነበር።

«ድምፁን አላስታውሰውም እኮ፣ እማዬ» አለችኝ በመጨረሻ። «ምን ይላል?»

«መጀመሪያ ያንቺን ስም ይጠራል።»

እንግዲህ ካሴቱን በፖስታ አልልከውም። ክር ማውጣትና ወደ ሌላ መገልበጥ የሚችል ባለሙያ እዚሁ ከተማችን እየፈለግሁ ነው፤ ሲገለበጥም አጠገቡ እቀመጣለሁ።