የአባዬ ፕሪንተር

ፍሪስኮ ባደግኩበት ቤት ኮምፒውተሩና ፕሪንተሩ ሳሎን ውስጥ ነበሩ። አባዬ ማታ ማታ አዲስ አበባ ላሉት አያቴ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር።

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። አባዬ ግን ገና በድሮው ዓይነት ፎንት ነበር የሚጽፈው። ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ላይ “ሰላም” እንኳ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ደብዳቤውን አትሞ በፖስታ ይልከዋል።

ፕሪንተሩ እየጮኸ ወረቀቱን ቀስ በቀስ ያወጣል። እኔም ቀጣዩ መስመር እስኪመጣ የወጣውን አነብባለሁ። አማርኛ ማንበብ የለመድኩት እንደዚያ ነው። ከአባዬ ፊርማ በታች በእጄ “አያቴ፣ ናፍቀውኛል” ብዬ እጨምር ነበር።

ዛሬ በስልኬ አማርኛ በቀላሉ እጽፋለሁ፤ አያቴ ግን የሉም። ደብዳቤዎቹን አክስቴ ሣጥን ውስጥ አስቀምጣቸዋለች።

ቤታችሁ የድሮ ደብዳቤ ካለ ከወላጆቻችሁ ጋር አንብቡት።