እባቡ የጋረደው ጌም

ኖኪያ 3310 ሲነሳ ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚያወራው ስለ እባቡ ጌም ስለ ስኔክ ነው። ስኔክ ዝናው ይገባዋል። ግን እዚያው ቀፎ ውስጥ አብሮት የነበረው የተኩስ ጌም፣ ስፔስ ኢምፓክት፣ በአሠራር ይበልጠዋል፤ የሚገባውን ያህል ግን አልተወራለትም።

ቀፎው ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ስክሪኑ በአግድም 84፣ በቁም 48 ፒክስል ብቻ ነበር። እያንዳንዱ ፒክስል ወይ ይጠቁራል ወይ አይጠቁርም፤ ቀለም የሚባል ነገር የለም። መንኮራኩሯ፣ ጠላቱ፣ ጥይቱ፣ የቀረውን ሕይወት የሚያሳዩት ልቦች፣ የነጥቡ ቁጥር፣ ሁሉም እዚህች ጠባብ ቦታ ውስጥ መግባት ነበረባቸው።

የሠሪዎቹ ብልሃት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በወጣው ስፔስ ኢንቬደርስ በተባለው የተኩስ ጌም ጠላት ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። የስልኩ ስክሪን ግን ከቁመቱ ወርዱ ስለሚበልጥ ጠላት ከቀኝ ይመጣል፣ መንኮራኩሯም ከግራ ሆና ትተኩሳለች። ተጫዋቹ አደጋውን አይቶ ለመሸሽ ከቁመቱ እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው ርቀት አገኘ ማለት ነው። ጠላቶቹ የሚለዩት በቅርጻቸው ብቻ ስለሆነ አሳሳላቸው ጥንቃቄ ይጠይቃል። ተራ ጥይት አያልቅም፤ ልዩ መሣሪያው ግን ተቆጥሮ የተሰጠ ነው። ስለዚህ ነገሩን የገባው ተጫዋች መንገድ ላይ አያባክነውም፣ በደረጃው መጨረሻ ለሚመጣው ግዙፍ ጠላት ያስቀምጠዋል። ቁጠባና እቅድ፣ በሁለት አውራ ጣት!

ኢትዮጵያ ውስጥ ከ1997 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ምርጫ በኋላ የጽሑፍ መልእክት ሁለት ዓመት ያህል ተቋርጦ እንደነበር የሚያስታውስ ያስታውሳል። ያኔ ቀፎ ከመደወል ሌላ ከሚሰጣቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ጌም ነበር።

ከ3310 በኋላ ኖኪያ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2003 ኤን-ጌጅ የተባለ ስልክ ይዞ መጣ፤ ባለ ቀለም፣ ለጌም ተብሎ የተሠራ። ጌም ለመቀየር ግን ክዳኑን ከፍቶ ባትሪ ማውጣት ያስፈልግ ነበር። እንዲህ ያለው ስልክ ብዙ አለመሸጡ አይገርምም።

ከስፔስ ኢምፓክት ሠሪዎች ሌላ የስልክን ጠባይ በደንብ የተረዳው ሰው ጆን ካርማክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣው ዱም ፍጥነትን የተኩስ ጌም መለያ ካደረጉት ሰዎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ለስልክ የወጣው ዱም አርፒጂ ላይ ግን ያንኑ ፍጥነት ተወው፤ በስልክ ቁልፍ እየሮጡ መተኮስ አይመችማ። በዚህ ጌም ተጫዋቹ አንድ እርምጃ ሲራመድ ወይም አንዴ ሲተኩስ ጭራቆቹም በተራቸው ይንቀሳቀሳሉ። ታክሲ ውስጥ የሚጫወት ሰው ረዳቱ ሒሳብ ቢጠይቀው ከፍሎ፣ መልሱን ቆጥሮ፣ ወደ ጌሙ ይመለሳል፤ ጭራቁ ተራው እስኪደርስ አይነካውም።