የጎረቤት አዝሙድ

በናይሮቢ ብዙ ዓመት የኖሩት ወይዘሮ፣ የበሉት አልፈጭ እያለ ሆዳቸውን መንፋት ከጀመረ ሰነባብቷል። አንድ ቀን ሕንዳዊት ጎረቤታቸው «አጅዋይን» የምትለውን ቅመም በፈላ ውኃ ዘፍዝፋ አቀረበችላቸው። ወይዘሮዋ ብርጭቆውን ወደ አፍንጫቸው ሲያስጠጉ ሣቅ አሉ። ነጭ አዝሙድ ነበር! ለካስ እናታቸው በርበሬና ሽሮ ውስጥ የምትጨምረው፣ ሆድ ሲቆርጥም አኝኩ የምትላቸው ፍሬ በሕንዶቹ አዩርቬዳም የታወቀ የሆድ መድኃኒት ኖሯል። ያን ስለታም ሽታ የሚሰጠው ቲሞል የተባለው ንጥረ ነገር ነው።

ከዚያ ወዲያ ጎረቤቲቱ የምታመጣውን ሁሉ ማመን ቀላል ሆነ። ቀጥሎ የመጣው ትሪፋላ ነበር፤ በሳንስክሪት «ሦስት ፍሬዎች» ማለት ነው። አምላ፣ ሃሪታኪና ቢቢታኪ ደርቀውና ተፈጭተው የሚቀላቀሉበት፣ አንጀትን ያለሰልሳል የሚባል መራራ ዱቄት ነው። ቆርቆሮው ላይ ግን የሠሪው ስም እንኳ አልተጻፈም።

መድኃኒት ቤት የምትሠራው ልጃቸው አየችው። «እማዬ፣ ፍሬውን አልጠላሁም፤ አብሮት የገባውን ግን ማን ያውቃል?» አለቻቸው። በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በአሜሪካ ቦስተን አካባቢ ከሱቅ ከተገዙ 70 የአዩርቬዳ መድኃኒቶች በ14ቱ ውስጥ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ ማግኘቱንም ነገረቻቸው።

ወይዘሮዋን ይበልጥ ያስጨነቃቸው የጎረቤታቸው ፊት ነበር። የተሰጠን መመለስ እንዴት ይሆናል? ቆርቆሮውን ከመደርደሪያው ጫፍ ሰቅለው ሐኪም ቤት ቀጠሮ ያዙ። ጎረቤቲቱ ስትመጣ አዝሙድ አፍልተው ጠበቋት። ስለ ዱቄቱ ስትጠይቃቸውም፣ «መጀመሪያ ሐኪሙ ይየኝ» ብለው ብርጭቆዋን ሞሉላት።