ቦሌ ደርሰን ሻንጣው ቢቀርስ?

ከመስቀል አደባባይ የሚነሳው የቦሌ መንገድ የሚያበቃው አውሮፕላን ማረፊያው ዘንድ ነው። ቀድሞ አውሮፕላን የሚያርፈው ልደታ ነበር፤ በዚያ አካባቢ ያለው ሰፈር እስከ ዛሬ «ኦልድ ኤርፖርት» መባሉም ከዚሁ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የጀት ዘመን ሲመጣ ግን ቦሌ ተሠራ። ከዚያ ወዲህ ከተማይቱ ወደ ምሥራቅ ስትሰፋ ገርጂ፣ ሲኤምሲ፣ ሰሚት፣ አያት እያለች ሄዳለች። ማረፊያውም እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ ተርሚናል ተከፈተለት፤ በ2019 ደግሞ በዓመት እስከ 22 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ ታስቦ የተሠራው ማስፋፊያ ተመረቀ።

በዚህ በር የሚገባው ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ከሐጅና ከዑምራ የሚመለሱ አዛውንቶች አሉ፤ ከዱባይ የሚመጡ ነጋዴዎች አሉ፤ ዓመታት በሰው ቤት ሠርተው የሚመለሱ እህቶቻችንም አሉ። ለነጋዴው ሻንጣ ዕቃ ነው። ለእነዚህ እህቶች ግን የእናት ልብስ፣ የታናናሾች ጫማና የጎረቤት አደራ የታጨቀበት የድካማቸው ዋጋ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2013 መጨረሻ እስከ 2014 መጀመሪያ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዐረቢያ ሲመለሱ ብዙዎቹ ንብረታቸውን ትተው፣ የለበሱትን ብቻ ይዘው ነበር ቦሌ የወረዱት። ባዶ እጅ መግባት ምን ያህል አንገት እንደሚያስደፋ ያየ ያውቀዋል። ስለዚህም ሻንጣ ሲዘገይ ወይም ሲጠፋ ምን መደረግ እንዳለበት ማወቅ ለቤተሰብ ሁሉ ይጠቅማል።

ሻንጣ ለምን ይቀራል?

አብዛኛውን ጊዜ ሻንጣ የሚቀረው ተሰርቆ አይደለም። ሲታ የተባለው የአቪዬሽን ቴክኖሎጂ ድርጅት ባወጣው አኃዝ መሠረት እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ዙሪያ ከ1,000 መንገደኞች ወደ 7 የሚጠጋ ሻንጣ ችግር ገጥሞታል። ከነዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉ የተከሰተው ከአንዱ አውሮፕላን ወደ ሌላው ሲሸጋገር ነው። የሚበዙትም የዘገዩ እንጂ ለዘለዓለም የጠፉ አልነበሩም። ቦሌ ደግሞ ትልቅ መሸጋገሪያ ነው። መንገደኛው ሮጦ ቢደርስም ሻንጣው ላይደርስ ይችላል።

ቀበቶው ቆሞ ሻንጣው ካልታየ

አንደኛ፣ ከሻንጣ መረከቢያው አዳራሽ አይውጡ። ከውጭ የሚጠብቁ ዘመዶችን በስልክ ያረጋጉና እዚያው ወዳለው የሻንጣ ጉዳይ ጠረጴዛ ይሂዱ። ወጥቶ በማግስቱ መመለስ ጉዳዩን ያከብደዋል።

ሁለተኛ፣ ሻንጣው ሲመዘን የተሰጠዎትን ባለ አሥር አኃዝ ቁራጭ ወረቀትና የመሳፈሪያ ካርዱን ያሳዩ። በዚያም ሪፖርት ይሞላል፤ አምስት ፊደልና አምስት አኃዝ ያለው የመከታተያ ቁጥርም ይሰጥዎታል። ይህን ቁጥር ሳይቀበሉ አይሂዱ። የቃል ተስፋ ማስረጃ አይሆንም።

ሦስተኛ፣ የሻንጣውን ቀለም፣ መጠንና በውስጡ ያለውን ለይተው ይናገሩ። «ጥቁር ሻንጣ» ማለት ብቻውን ምንም አይረዳም፤ ጥቁር ሻንጣ ስንት አለ! «ከላይ ነጭ ጋቢ፣ ከሥሩ ሁለት ሣጥን ተምር» ያለ ሰው ግን ሻንጣው ቢከፈት ወዲያው ይታወቅለታል።

አራተኛ፣ ሻንጣው እስኪመጣ የግድ የሚያስፈልገውን ልብስና ሳሙና ከገዙ ደረሰኙን ያስቀምጡ።

መብትዎ እስከ ምን ድረስ ነው?

እ.ኤ.አ. በ1999 በሞንትሪያል የተፈረመው ዓለም አቀፍ ስምምነት ይህንን ይወስናል፤ ኢትዮጵያም ሳዑዲ ዐረቢያም አባል ናቸው። ሻንጣው ተጎድቶ ከደረሰ በተቀበሉ በ7 ቀን፣ ዘግይቶ ከደረሰ በተረከቡ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት ያስፈልጋል። መድረስ ከነበረበት ቀን ጀምሮ 21 ቀን አልፎት ካልመጣ እንደጠፋ ተቆጥሮ ካሣ ይጠየቅበታል። ክስ የሚመሠረተው በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። በተለያዩ አየር መንገዶች ከተጓዙም የመጀመሪያውን ወይም የመጨረሻውን መጠየቅ ይቻላል፤ «እኛን አይመለከተንም» የሚል መልስ አያበቃም።

የካሣው ጣሪያ ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ 1,519 የልዩ ገንዘብ ማውጫ መብት ነው፤ ይህም ወደ 2,000 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ይሆናል። ጣሪያ ነው እንጂ ለሁሉም የሚታደል ድርሻ አይደለም፤ የጠፋውን ዕቃ ዋጋ ማስረዳት የባለቤቱ ፈንታ ነው። እዚህ ላይ ያልነበረውን ወርቅ እንደነበረ አድርጎ መጻፍ ሐራም መሆኑን መዘንጋት አይገባም። የተበደለ ሰው መዋሸት አይፈቀድለትም።

የሌላ ሰው ሻንጣ ይዘን ከመጣን

አንዳንዱ ሻንጣ «የጠፋው» ሌላ መንገደኛ በስሕተት ይዞት ስለሄደ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወድቆ ስለተገኘ ንብረት ሲጠየቁ፣ ያገኘው ሰው መያዣውንና ማሠሪያውን ለይቶ እንዲያውቅ፣ ከዚያም አንድ ዓመት እንዲያስታውቅ ማዘዛቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ያኔ ከረጢትና ገመድ የነበረው ዛሬ ሻንጣና የተለጠፈበት ቁጥር ሆኗል። ቤት ገብቶ የራሱ እንዳልሆነ ያወቀ ሰው ሳይከፍት በዚያው ቀን ሊመልስ ይገባዋል። ባለቤቷ በዚያች ሌሊት ያለ መድኃኒት የምታድር እናት ልትሆን ትችላለችና።

ከመነሳታችን በፊት

መድኃኒት፣ ፓስፖርት፣ ወርቅና ገንዘብ ከእጅ ሻንጣ አይውጡ። ለሐጅ የሚሄድ ሰው ኢሕራሙንም ከእጁ አይለየው፤ ሻንጣው ቢዘገይ ሚቃት አይጠብቀውምና። ከውጭ ስምና ስልክ ይጻፉ፤ ውጭ ያለው ሊቀደድ ስለሚችል ከውስጥም ወረቀት ይጨምሩ። ክፍት ሻንጣውን በስልክ ፎቶ ማንሳት ለካሣው ማስረጃ ይሆናል። ዘምዘምን በሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ለብቻው በታሸገው ሣጥን ያስጭኑ። ጉዞዎ ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ ጅማ ከቀጠለ፣ በሻንጣው ላይ የተለጠፈው ወረቀት የመጨረሻውን ከተማ ይጥቀስ ወይስ «ኤ ዲ ዲ» ማለትም አዲስ አበባን ብቻ፣ ሲመዘን ጠይቀው ይረዱ።

አደራ የሚልኩ ወገኖችም ያስቡበት። ሰው የላከውን ዕቃ የተሸከመ መንገደኛ ሻንጣው ሲጠፋ ሁለት ኀዘን ይገጥመዋል፤ የራሱ ንብረትና የሰው አማና። ምን እንደላኩ በግልጽ ይንገሩት፤ ያለ ጥፋቱ ቢጠፋበትም በወቀሳ አይቀበሉት። ሻንጣ ይካሣል፤ በበር ላይ የተሰበረ የወንድም ልብ ግን በሃያ አንድ ቀን አይመለስም።

አላህ መንገደኞቻችንን በሰላም ያግባልን፤ አሚን።