ጎዶሎ ቁጥር

አማርኛችን አንድን፣ ሦስትንና አምስትን «ጎዶሎ ቁጥር» ማለቱ ሁልጊዜ ይከነክነኛል። ምን ጎደላቸው? ሠላሳን አልፎ ያላገባ ሰውም በዚሁ ቃል ይቆጠራል። ዘመዶቼ በየበዓሉ «ድግስህን የምንበላው መቼ ነው?» ሲሉኝ ቃሏን ባያወጧትም ትሰማኛለች።

የኬሚስትሪ ሰዎች ግን ለጎዶሎ ክብር አላቸው። በአብዛኛው ሞለኪውል ውስጥ ኤሌክትሮኖች ጥንድ ጥንድ ሆነው ይኖራሉ፤ የአንዱን ማግኔታዊ ኃይል የሌላው ያጣፋዋል። ጥንድ ያጣ ኤሌክትሮን የተሸከመ ሞለኪውል ራዲካል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1900 ሞሰስ ጎምበርግ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የካርቦን ራዲካል ማግኘቱን ሲገልጽ ለማመን የተቸገሩ ነበሩ፤ ካርቦን አራቱንም እጆቹን ሳያስይዝ አይኖርም ይባል ነበርና።

በ1991 ሁዋን ማንሪኬዝ፣ ጆኤል ሚለር፣ አርተር ኤፕስታይንና ባልደረቦቻቸው ቫናዲየም የተባለውን ብረት ቴትራሳያኖኤቲሊን ከተባለ ኦርጋኒክ ሞለኪውል ጋር አዋሕደው ጥቁር ዱቄት አገኙ። ዱቄቱ ሳይቀዘቅዝ፣ በተራ የክፍል ሙቀት ማግኔት ነው!

ስሌቱ ለባንክ ሠራተኛም አይከብድም። ቫናዲየሙ 3 ጥንድ አልባ ኤሌክትሮኖች አሉት። ለእያንዳንዱ ቫናዲየም 2 ራዲካሎች አንዳንድ ኤሌክትሮን ይዘው በተቃራኒው ይቆማሉ። ከ3 ላይ 2 ሲቀነስ 1 ይቀራል። እኛ ዘንድ ማታ ሒሳብ ሲዘጋ የተረፈች ብር ከጎደለች ብር እኩል ታስጠረጥራለች፤ እዚያ ግን ማግኔትነቱ የሚገኘው ከዚያች ቀሪ ነው።

ዱቄቱ አየር ከነካው ማግኔትነቱን ያጣል፤ ስለዚህ ከአየር ተሰውሮ ይሠራል፣ ተሰውሮ ይቀመጣል። ከኃይሉ ይልቅ ይህ ስስነቱ ነው ብዙ ሌሊት ያስቀመጠኝ።