የቀን ብርሃን ለማታ ስለ ማስቀመጥ

ቤት ያለው ሰው እህሉን በጎተራ፥ ቅቤውን በቅል ለክፉ ቀን ማኖርን ከአባቶቹ ተምሮአል። ብርሃንን አስቀምጦ ማደር ግን እኛ በዕድሜያችን እኩሌታ ላይ ያገኘነው አዲስ ነገር ነው። እኔም በባሕር ዳር ከተማ፥ በጣና ዳር በሚገኘው ቤቴ ይህን ስማር አንድ ጊዜ በገንዘቤ፥ አንድ ጊዜም በኀፍረቴ ከፍያለሁ። ሌላው የቤት ጌታ ሳይከፍል ይማር ዘንድ የሆነውን ሁሉ እጽፋለሁ።

የምኖርበት ስፍራ ዐባይ ከጣና ወጥቶ መንገዱን የሚጀምርበት ነው። ከከተማችን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በጢስ ዐባይ የተሠራው የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ማመንጫ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮአል። የጣናን ውኃ በዋሻ ወደ በለስ እያወረደ የሚሠራውና 460 ሜጋ ዋት ኃይል ያለው የጣና በለስ ማመንጫም በ2002 ዓ.ም. ተመርቆአል። ይሁን እንጂ የኃይል ምንጭ ቅርብ መሆኑና ማታ በቤት መብራት መኖሩ አንድ ነገር አይደለም። ነፋስ ዛፍ ጥሎ ገመድ ሲበጥስ፥ መብረቅም መስመር ሲመታ፥ በምንጩ አጠገብ የሚኖረውም በሩቅ ካለው እኩል ይጨልምበታል።

ስለዚህ በ2013 ዓ.ም. በጣራዬ ላይ እያንዳንዳቸው 250 ዋት የሆኑ አራት የፀሐይ ሰሌዳዎች አስተከልሁ። በኅዳር ጥርት ባለ ቀን በጠቅላላው ወደ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሰጡናል፤ ይህም ለቤታችን ፍላጎት በቅቶ የሚተርፍ ነው። ነገር ግን ማከማቻ ስላልነበረን ቀን የመጣው ቀን ካልተሠራበት ይባክን ነበር። ጀንበር በዘጌ በኩል ስትጠልቅ በጣራው ላይ ያለው ሀብት ሁሉ ጥቁር መስተዋት ሆኖ ያድራል። ባለቤቴም «አጭደህ ወቅተህ ጎተራ የሌለህ ገበሬ ሆንህ» አለችኝ።

ጎተራውን ፈለግሁ፤ ፈለግሁ እንጂ አዋቂ አልጠየቅሁም። ርካሽ ነው ብዬ ሁለት የጭነት መኪና ባትሪ ገዛሁ። በመጀመሪያው ወር ደስታችን ታላቅ ነበር። በስድስተኛው ወር መብራቱ ከእራት በፊት ይደክም ጀመር፤ በዐሥረኛው ወር ሁለቱም ሞቱ። ከአንደኛው የፈሰሰው አሲድ የዕቃ ቤቱን ወለል የበላበት ምልክት ዛሬም አለ።

በኋላ ከኤሌክትሪክ ሠራተኛ እንደ ተረዳሁት ጥፋቱ የባትሪው ሳይሆን የእኔ ነው። የመኪና ባትሪ የተሠራው ሞተር ለማስነሣት በአንድ አፍታ ብዙ ኃይል እንዲሰጥና ወዲያው ተመልሶ እንዲሞላ ነው። በውስጡ ያሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች ስስ ስለ ሆኑ፥ ሌሊቱን ሙሉ እስከ መጨረሻው ሲጠጡት ፈጥኖ ይበላሻል። ለቤት የሚሆነው የእርሳስ ባትሪ ሰሌዳው ወፍራም የሆነ ሌላ ዓይነት ነው፤ እርሱም ቢሆን ከያዘው ከእኩሌታ በላይ ባይወሰድበት ዕድሜው ይረዝማል። ሲሞላም የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሚወጣው ነፋስ በሚገባበት ስፍራ እንጂ በመኝታ ቤት ሊቀመጥ አይገባም።

የእርሳስ ባትሪን በፈረንጆች 1859 ዓ.ም. የሠራው ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ ነው። በእኛ ዘመን የገነነው የሊትየም ባትሪ ሲሆን፥ ስለዚሁ ሥራ ጆን ጉዲናፍ፥ ስታንሊ ዊቲንግሃምና አኪራ ዮሺኖ የተባሉ ሊቃውንት በ2019 ዓ.ም. በዚያው አቆጣጠር የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ከዚህ ወገን ብረትና ፎስፌት የገባበት ለቤት ይመረጣል፤ ከያዘው ከመቶ 80 እጅ ቢወሰድበት አይጎዳም፥ መሙላትና መጉደልንም ብዙ ሺህ ጊዜ ይታገሣል። ዋጋው ግን እኛ ስንገዛ ከእርሳሱ ይበልጥ ነበር።

ይህን ዋጋ ለመክፈል ያስጨከነን የእናቴ ነገር ነው። እናቴ ስለ ስኳር ሕመም በየቀኑ ኢንሱሊን ትወጋለች፤ ያልተከፈተውም መድኃኒት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሆነ ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። በ2016 ዓ.ም. በሰኔ ወር ለባለቤቴ የዕቁብ ዕጣ ቢወጣላት፥ ለአዲስ ወንበር ያሰበችውን ገንዘብ ሰጥታ 5 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ የሊትየም ባትሪ ገዛን። የአንድ ሌሊት ፍላጎታችንንም ቈጠርን፤ አራት የ9 ዋት አምፖሎች ለ5 ሰዓት 180 ዋት ሰዓት፥ 60 ዋት የሆነው ቴሌቪዥን ለ4 ሰዓት 240፥ ማቀዝቀዣው እስኪነጋ 600 ያህል፤ በድምሩ ከ1 ኪሎ ዋት ሰዓት ብዙ የማያልፍ ሆነ። እንግዲህ ባትሪው ከሞላ ፀሐይ ባትወጣም ሦስት ሌሊት ያሳድረናል ማለት ነው።

ነገር ግን ሒሳብን በወረቀት የሚያውቅ ሁሉ በልቡ አያውቀውም። ነሐሴ 16 ቀን፥ የፍልሰታ ጾም በተፈታበት ምሽት፥ ዘመዶቼና የሥራ ባልደረቦቼ ለእራት ተጠርተው መጡ። ቀኑን ሲዘንብ ውሎ የሰፈሩ መብራት ጠፍቶ ነበር። ዙሪያው ሁሉ ጨለማ ሲሆን የእኔ ቤት ብቻ ማብራቱ ልቤን አኰራው። የግቢውን መብራት ሁሉ አበራሁ፤ ከሰል ምን ያደርጋል ብዬም ወጡ በኤሌክትሪክ ምድጃ እንዲሞቅ፥ ቡናውም በዚያው እንዲፈላ አዘዝሁ። ባለቤቴ ወደ ጓዳ ጠርታ «ደመና ነው የዋለው፤ ባትሪው ሳይሞላ መሽቶአል፤ መጥነው» ብትለኝ፥ «በእንግዳ ፊት ልታሳፍሪኝ ነውን?» ብዬ ተቈጣሁ። ያ ምድጃ 1,500 ዋት ነው። በሁለት ሰዓት የጠጣው 3 ኪሎ ዋት ሰዓት፥ ማለት ሦስቱን ሌሊታችንን ነበር።

እንግዶቹ አመስግነው ሄዱ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሲሆን ባትሪው ራሱን ለማዳን ዘጋ፤ የማቀዝቀዣውም ድምፅ ጸጥ አለ። ባለቤቴ ነቅታ ቅዝቃዜው እንዳያመልጥ በሩን ማንም እንዳይከፍት ከለከለች። ሲነጋ ሰማዩ እንደ ጠቈረ ነበር፤ የከተማውም መብራት አልመጣም። እርስዋ ሁለት ሸክላ አንዱን በአንዱ ውስጥ አድርጋ፥ በመካከላቸው እርጥብ አሸዋ ሞልታ፥ መድኃኒቱን ጠቅልላ በውስጠኛው አኖረችው። እኔ ወደ መድኃኒት ቤት ሮጥሁ። ባለሙያዋም ሙቀት ስላልነካው አለመበላሸቱን፥ ነገር ግን ከቅዝቃዜ ስለ ወጣ በአራት ሳምንት ውስጥ ተወስዶ ማለቅ እንደሚገባው ነገረችኝ። ያን መንገድ ስመለስ የተሰማኝን ኀፍረት አልረሳውም።

እናቴ ግን አልተቈጣችም። «ልጄ፥ ድግስ ቢበዛ ዘር አይበላም፤ ዘሩን ለይተህ አኑር» አለችኝ።

ይህን ቃል ወደ ሥራ መለስነው። ሠራተኛ ጠርተን የቤቱን መስመር በሁለት አስከፈልነው። ማቀዝቀዣው፥ አምፖሎቹና ቴሌቪዥኑ በባትሪው መስመር ሆኑ፤ ምድጃው፥ ካውያውና ወደ 3,500 ዋት የሚጠጣው የእንጀራ ምጣድ ግን በከተማው መስመር ብቻ እንዲሠሩ ተደረገ። እኔም የፍርድ ቤት ጸሐፊ እንደ መሆኔ መዝገብ ከፈትሁ፤ ልጃችን ጧትና ማታ ባትሪው ከመቶ ስንት እንደ ያዘ ይጽፍበታል። ከ50 በታች ሲወርድ ቴሌቪዥኑ ይዘጋል፤ ይግባኝም የለውም። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ዕለት እንግዶች ሲመጡ ቡናው በከሰል ፈላ፤ ከሚያስፈልገን በላይም አንድ አምፖል አልበራም።

እንግዲህ ባትሪ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ከመግዛቱ በፊት የሌሊቱን ፍላጎት ይቍጠር፤ ለመኪና የተሠራውን ለቤት አያድርግ፤ ሊጎድል የማይገባውንም ከሌላው አስቀድሞ ይለይ።

በልጅነቴ በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ሳለሁ መብራት ስላልነበረን የኔታ መጽሐፉን በቀን ያስነብቡን፥ ሌሊት በጨለማ በቃል ያስጠኑን ነበር። ቀን ያልያዘ ተማሪ ሌሊት የሚለው አልነበረውም። በኋላ ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብቼ በአምፖል ሥር ማንበብ ብለምድ ያን ሥርዐት የረሳሁት መስሎኝ ነበር። ዛሬ ማታ ማታ መዝገቡን ስመለከት፥ የኔታ ያስተማሩኝን እንደ ገና በመማር ላይ እገኛለሁ።